ለወንዛችን የሚመጣ የውጭ ገንዘብ፦ የትኛውን ውል እንምረጥ?

ጅማ ከተማ፣ ሒርማታ ውስጥ የቡና መፈልፈያ ያላቸው ጎረቤት አሉኝ፤ ሐጂ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ባለፈው የቡና ወቅት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሲቋረጥ ማሽኑ የጎረሰውን ጀንፈል ሳይተፋ ቀጥ አለ። ሠራተኞቹ ጀነሬተሩን ለማስነሳት ሲሯሯጡ፣ ሐጂ በረንዳው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ወንዙም ተራራውም የእኛ ነው። ገንዘቡ ግን ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ከሚመጣው ሁሉ ለእኛ የሚሻለው የትኛው ነው?» የኃይል ማመንጫ ውል ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ ጥያቄው የሚገባኝ ነበር። ጀነሬተሩ ተነሥቶ ድምፃችንን እስኪውጠው ድረስ የመለስኩላቸው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ለዚህ ጥያቄ ጅማ ጥሩ መነሻ ናት። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ አሰንዳቦን አልፎ ሲጓዝ የግልገል ግቤ አንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከመንገዱ ይታያል። እዚያ ተርባይን የመታው ውሃ ከፎፋ ተራራ ሥር በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርድና ግልገል ግቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ኦሞ ተብሎ ይቀጥልና ግቤ ሦስት ይደርሳል፤ ከእርሱም በታች ኮይሻ እየተሠራ ነው። ውሃው አንድ ነው፤ ገንዘቡ ግን በየጣቢያው ሌላ ነው። የዓለም ባንክ፣ የጣሊያን፣ የቻይና እና የራሳችን ገንዘብ በአንድ ወንዝ ላይ ተራ በተራ ተሰልፈዋል። ስለዚህ ንጽጽሩን ከደጃችን ጀምሬ እንደ እኛ ተራራና ወንዝ ወዳላቸው ወደ ኔፓል፣ ቡታንና ላኦስ አሻግረዋለሁ።

ወለዱን ከመጠየቅ በፊት

አበዳሪ ወይም ባለሀብት ሲመጣ ውይይቱ ቶሎ ብሎ ወለድ ላይ ይወድቃል፦ 2 በመቶ ነው ወይስ 6? እኔ ወለዱን የማነበው በአራተኛ ደረጃ ነው። በተራራማ አገር የውሃ ኃይል ማመንጫን የሚያከስሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ድንጋዩ፣ ዝናቡና ምንዛሪው። ድንጋዩ ስል፣ ዋሻ ሲቆፈር በጥናቱ ያልታየ ልል አፈር ወይም ውሃ ያዘለ ስንጥቅ መገኘቱን ነው። ዝናቡ ስል፣ ክረምቱ ሲከዳ ወይም ደለል ሐይቁን ሲሞላው ተርባይኑ መራቡን ነው። ምንዛሪው ደግሞ ደንበኛው የሚከፍለው በብር ሆኖ ሳለ ዕዳው በዶላር መቆጠሩ ነው።

እያንዳንዱ ውል፣ ሽፋኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ እነዚህ ሦስቱ ሲደርሱ ኪሣራውን ማን እንደሚሸከም የሚደለድል ሰነድ ነው። ገንዘቡን ያመጣው አገር ወዳጅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲነጻጸር ብዙም አይጠቅመኝም። መሬቱን ለቅቆ የሚሄደው ገበሬ ጉዳይ ከሦስቱም የሚቀድም ቢሆንም፣ ዋስትናው እንደ አማራጩ ስለሚለያይ በየቦታው አነሣዋለሁ።

ረጅም እፎይታ ያለው ብድር

የመጀመሪያው አማራጭ መንግሥት ራሱ ባለቤት ሆኖ ከዓለም ባንክ ወይም ከመሰል የልማት ባንክ የሚበደርበት ነው። ግልገል ግቤ አንድ በዚህ መንገድ ነው ያለቀው። ሥራው በደርግ ዘመን ተጀምሮ ቆሞ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ የዓለም ባንክ ክንድ በሆነው በዓለም አቀፉ የልማት ማኅበርና በአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ ብድር ተቀጥሎ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን የልማት ማኅበሩ ለድሃ አገሮች የሚሰጠው የተለመደ ብድር የ40 ዓመት መክፈያና የ10 ዓመት እፎይታ፣ ማለትም ዋናው ዕዳ መከፈል የማይጀምርበት ጊዜ፣ ነበረው፤ የአገልግሎት ክፍያውም አንድ በመቶ አይሞላም ነበር። ግድብ ግን መቶ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ነው። መቶ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ በ12 ዓመት ዕዳ ሲገዛ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ሁሉንም ይከፍላሉ፤ በ40 ዓመት ዕዳ ሲገዛ ግን ሸክሙ ለልጆችም ለወላጆችም ይዳረሳል።

በዚህ አማራጭ ድንጋዩንም፣ ዝናቡንም፣ ምንዛሪውንም የሚሸከመው መንግሥት ነው። ሸክሙ ግን ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ወለዱ ዝቅተኛ፣ ጊዜውም ሰፊ ነው። አበዳሪው የሚጠይቀው ጨረታ፣ የአካባቢ ጥናትና ተነሺዎችን መልሶ የማስፈር ዕቅድም ለእኛው ይጠቅማል። ጥናት ማቅረብ ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። በግቤ አንድ ሐይቅ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመሬታቸው ተነሥተዋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከሐይቁ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በርትቶ እንደተገኘ ጽፈዋል። ሐይቅ ሲፈጠር የወባ መከላከያ በጀት አብሮ መፈጠር ነበረበት። ይህን የምለው የአጎበር ዋጋ ከአንድ ተርባይን ዋጋ አጠገብ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። ገንዘቡ ውስን ነው፤ አበዳሪውም መንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል። ለግቤ ሦስት ብድር ሲያጤኑ የነበሩት የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሂደቱ ወጥተዋል።

ከዚህም የለሰለሰ ገንዘብ ያገኘች ተራራማ አገር አለች፤ ቡታን። 336 ሜጋ ዋት የሆነው ቹካ ሲገነባ ሕንድ 60 በመቶውን በስጦታ፣ 40 በመቶውን በብድር ሰጠች። የሚመነጨውን ኃይል የምትገዛውም ሕንድ ራሷ ነች። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር ደግሞ የቡታን ገንዘብ ኑልትረም ከሕንድ ሩፒ ጋር አንድ ለአንድ የታሰረ መሆኑ ነው። ብድሩ በሩፒ፣ ሽያጩ በሩፒ፣ የአገሩም ገንዘብ ከሩፒ ጋር እኩል ስለሆነ የምንዛሪው አደጋ ከመጀመሪያውም አልነበረም። «ቡታን በውሃ ኃይል በለጸገች፤ እኛስ?» ሲባል ይህ መታወስ አለበት። ያ ሥጦታም ቢሆን እየቀነሰ ነው የመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተመረቀው 720 ሜጋ ዋት ማንግዴቹ ሥጦታው 30 በመቶ ብቻ፣ ብድሩ 70 በመቶ ሆነ። ድንጋዩም ቡታንን አልማረም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ፑናትሳንግቹ አንድ ጣቢያ፣ የወንዙ ዳር ተራራ ከተንሸራተተበት ከ2013 ወዲህ ለዓመታት ተጓትቷል፤ ወጪውም ከእጥፍ በላይ ንሯል።

ከሥራ ተቋራጩ ጋር ታስሮ የሚመጣ ብድር

ሁለተኛው አማራጭ በአገራችን በሰፊው የሠራንበት ነው። አንድ አገር «ብድሩን እኔ እሰጣለሁ፤ የሚሠራው ግን የእኔ ኩባንያ ነው» ይላል። ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ጨረታ የለም፤ ዲዛይኑ፣ ግዥውና ግንባታው በአንድ ውል ይጠቀለላል። አበዳሪ ፍለጋ አሥር ዓመት ለተንከራተተ መሥሪያ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለገናሌ ዳዋ ሦስት፣ ማለትም ለ254 ሜጋ ዋት ጣቢያ፣ ብድሩም ተቋራጩም ከቻይና መጡ። ለግቤ ሦስት ደግሞ የሲቪል ሥራውን የጣሊያኑ ሳሊኒ ሲይዝ የኤሌክትሮሜካኒካል ሥራው የተሸፈነው በቻይና ባንክ ብድር ነው።

ይህን አማራጭ ለመረዳት ግን ግልገል ግቤ ሁለትን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ውሉ እ.ኤ.አ. በ2004 ያለ ጨረታ ለሳሊኒ ተሰጠ። የጣሊያን መንግሥት 220 ሚሊዮን ዩሮ፣ የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ 50 ሚሊዮን ዩሮ አበደሩ፤ ቀሪው ከእኛ ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ግድብ የለም፣ አዲስ ሐይቅ የለም። ግቤ አንድ የለቀቀውን ውሃ በተራራው ሆድ አሳልፎ 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል በመልቀቅ 420 ሜጋ ዋት ማመንጨት ነው። የጣቢያው ዕጣ ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያ ዋሻ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 ከተራራው ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የወጣ ጭቃ አንዱን የመቆፈሪያ ማሽን ወደ ኋላ ገፍቶ ቀበረው። ማሽኑን ለማውጣትና በጎን ሌላ መተላለፊያ ለመቆፈር ብዙ ጊዜ ጠፋ። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ጥር 2002 ዓ.ም. ጣቢያው ተመረቀ። ከምርቃቱ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ጣቢያው እንደገና የተነሣው እ.ኤ.አ. 2010 ሊያልቅ ሲል ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ስለ ኩባንያው ብቃት የሚሰጥ ፍርድ አይደለም፤ በተራራ ሥር የሚቆፍር ሁሉ አንድ ቀን ጭቃ ያገኛል። የምወስደው ስለ ውሉ ነው። ዋሻውን ማንም ይጠግነው፣ ለአንድ ዓመት ሊጠጋ ሳይመነጭ የቀረው ኃይል ገቢ የጎደለው ከባለቤቱ፣ ከመንግሥት ካዝና ነው። የብድሩ ሰዓት ደግሞ ተርባይኑ ቢቆምም አይቆምም። ብድርና ተቋራጭ ከአንድ አገር ሲመጡ አበዳሪው ተቋራጩን የሚጠይቅ አፍ አይኖረውም፤ ዳኛውና ተከሳሹ ዘመዳሞች ናቸው።

ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ይያዝ። ብድሩ ከመፈረሙ በፊት የጂኦሎጂ ጥናቱ ከተቋራጩ ነፃ በሆነ ባለሙያ ይለቅ፤ የቁፋሮ ናሙናው ሣጥን በሣጥን ይታይ። የእፎይታው ጊዜ ከግንባታው ዕቅድ በሁለት ዓመት ይርዘም። የመዘግየት ቅጣቱም የሚሰላው በግንባታው ዋጋ መቶኛ ብቻ ሳይሆን ባልተሸጠው ኃይል ጭምር ይሁን። ሦስተኛውን ተቋራጭ በቀላሉ አይቀበልም። ግን መጠየቁ ራሱ ዋሻውን ምን ያህል እንደሚያምነው ያሳያል።

የግል ባለሀብቱ ገንብቶ ሲሸጥልን

ሦስተኛው አማራጭ በትክክለኛ ትርጉሙ የውጭ ኢንቨስትመንት የሚባለው ነው። ኩባንያው በራሱ ካፒታልና በራሱ ብድር ይገነባል፣ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ያንቀሳቅሳል፣ ኃይሉን ለመንግሥት ይሸጣል፣ በመጨረሻም ያስረክባል። በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መንገድ የከፈተው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ነው።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ድንጋዩ ነው። ዋሻው ቢደረመስ ኪሣራው በዋናነት የባለሀብቱ ነው፤ ኪሎ ዋት ሰዓት ካላስረከበ ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ ቦታውን ሲያጠና እንደ ባለቤት ያጠናል። ነገር ግን ድንጋዩን ሲሸከም ዝናቡንና ምንዛሪውን ወደ ገዢው ይገፋል። ውሉ ውስጥ «ወሰድክም አልወሰድክም ትከፍላለህ» የሚል አንቀጽ ካለ የፍላጎት ማነስም ወደ እኛ ይመጣል።

ኔፓል ይህን ቀደም ብላ ሞክራዋለች። በኖርዌይ ካፒታል የተሠራው 60 ሜጋ ዋት ኪምቲ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በአሜሪካ ካፒታል የተሠራው ቦቴ ኮሺ በ2001 ሥራ ሲጀምሩ የሽያጭ ዋጋቸው በዶላር የታሰረ ነበር። ጣቢያዎቹ በቴክኒክ በኩል ደህና ሠርተዋል። የኔፓል ሩፒ እየተዳከመ ሲሄድ ግን የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ባለሥልጣን በዶላር ገዝቶ በሩፒ ሲሸጥ ለዓመታት ከሰረ። በዚያ ላይ ሁለቱም ወንዙን ሳያጠራቅሙ በፍሰቱ የሚሠሩ ስለሆኑ ኃይላቸው የሚበዛው በክረምት ነው፤ አገሩ ግን የሚራበው በበጋ ነው። ኡጋንዳም ለ250 ሜጋ ዋቱ ቡጃጋሊ የተስማማችበት ዋጋ ከብዷት፣ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ከጀመረ ከስድስት ዓመት በኋላ ብድሩን አራዝሞ ታሪፉን ዝቅ ለማድረግ እንደገና መደራደር ግድ ሆኖባታል። ታጂኪስታን ውስጥ ደግሞ ሩሲያ 75 በመቶ ድርሻ በያዘችበት በሳንግቱዳ አንድ ጣቢያ ላይ የመንግሥቱ ኤሌክትሪክ ድርጅት ውዝፍ ዕዳ ተከምሮበት ነበር።

የምንዛሪውን ነገር ለሐጂ በቁጥር ነው ያስረዳኋቸው። ለምሳሌ 50 ሜጋ ዋት ጣቢያ አለን እንበል፤ በአማካይ የአቅሙን ግማሽ ያመነጫል። በዓመት 219 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት በ7 የአሜሪካ ሳንቲም ብንገዛው የዓመቱ ክፍያ 15.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ይህ 874 ሚሊዮን ብር ነበር። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ዶላር 130 ብር አለፈ፤ በ130 ሲሰላ ያው ኃይል፣ ከዚያው ወንዝ፣ ከዚያው ተርባይን 1.99 ቢሊዮን ብር ያስከፍላል። አንዲት ጠብታ ውሃ አልጨመረም።

ባለሀብቱን አልወቅሰውም። የተበደረው በዶላር ስለሆነ ትርፉን አገሩ ይዞ መሄድ የማይችልበት ቦታ አይገባም። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ የዩሮ ቦንድ ወለዷን በወቅቱ ሳትከፍል ስለቀረች አዲስ የሚመጣው ሁሉ የመንግሥት ዋስትና በላይ በላይ ይጠይቃል። ነገር ግን መካከለኛ መንገድ አለ። ከዋጋው ውስጥ የውጭ ዕዳ መክፈያ የሆነው ክፍል ብቻ ከዶላር ጋር ይታሰር፣ ዕዳው ሲያልቅም ይፈታ። ደመወዝ፣ ጥገና፣ ጥበቃና የአገር ውስጥ ወጪ የሚሸፍነው ክፍል በብር ሆኖ ከአገር ውስጥ የዋጋ ንረት ጋር ይስተካከል። በምሳሌያችን ግማሹ ብቻ በዶላር ቢታሰር፣ የብሩን ክፍል ንረት ለጊዜው ትተን፣ ክፍያው 1.99 መሆኑ ቀርቶ 1.43 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ልዩነቱ በየዓመቱ ከ550 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በውሉ አንድ ገጽ ላይ ነው።

ዋጋው በየዓመቱ በመቶኛ ያድጋል የሚል ሐረግም በጥንቃቄ ይነበብ። 3 በመቶ ሲባል ጆሮ ላይ ቀላል ነው፤ በ20 ዓመት ግን 7 ሳንቲሙን ከ12 ሳንቲም በላይ ያደርሰዋል። ያኔ የጣቢያው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀ ይሆናል።

ኃይሉ ድንበር ሲሻገር

አራተኛው አማራጭ ባለሀብቱ ኃይሉን ለእኛ ሳይሆን ለጎረቤት አገር የሚሸጥበት ነው። ወንዙን ስለተጠቀመ ለባለአገሩ ድርሻ ይሰጣል። የኔፓሉ አሩን ሦስት 900 ሜጋ ዋት ነው፤ የሚገነባው የሕንድ መንግሥት ኩባንያ ሲሆን፣ ከሚመነጨው 21.9 በመቶው ለኔፓል በነፃ ይሰጣል፤ ከ25 ዓመት ሥራ በኋላም ጣቢያው ለኔፓል ይተላለፋል። ላኦስ ውስጥ ያለው 1,070 ሜጋ ዋት ናም ቴውን ሁለት ከሚያመነጨው 95 በመቶ ገደማውን ለታይላንድ ይሸጣል። ለእርሱም ሲባል ከ6,000 በላይ ሰዎች ከናካይ አምባ ተነሥተው ሰፍረዋል።

ማራኪነቱ ግልጽ ነው፤ የምንዛሪው አደጋ ከእኛ ላይ ይነሣል፣ ዋስትናም ብዙ አይጠየቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የነፃው ድርሻ ወቅት ነው። 21.9 በመቶ የሚለው ቁጥር የዓመት ነው ወይስ የየቀኑ? ነፃው ኃይል ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ወንዙ ሞልቶ ኃይል በተትረፈረፈበት ጊዜ ቢሰጠን ለማን እንሸጠዋለን? የሐጂ መፈልፈያ የሚሠራው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ጀንፈሉ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ይህን አማራጭ የሚመርጥ ተደራዳሪ ከመቶኛው ይልቅ በየካቲትና በመጋቢት ስንት ሜጋ ዋት እንደሚሰጥ አስጽፎ ይፈርም። የበጋው 15 በመቶ ከክረምቱ 25 በመቶ ይበልጥብኛል።

ኢትዮጵያ ይህን አማራጭ በሌላ መልክ ትሠራበታለች። ጣቢያው የራሳችን ሆኖ ኃይሉን ራሳችን እንሸጣለን፤ ለጅቡቲ ከዓመታት በፊት ጀምረናል፣ ለኬንያ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አንሥቶ በትልቁ መስመር 200 ሜጋ ዋት መላክ ጀምረናል። የሚገባው ዶላር የውጭ ዕዳችንን በከፊል ስለሚሸፍን ይህ መንገድ ለሌሎቹም አማራጮች ደጋፊ ነው።

ይህ ሁሉ ሲወዳደር መለኪያ የሚሆነው በራስ ገንዘብ መሥራት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2021 ያለቀው የኔፓሉ 456 ሜጋ ዋት አፐር ታማኮሺ እንደሚቻል አሳይተዋል። ኔፓሎች ለአካባቢው ነዋሪዎች 10 በመቶ አክሲዮን መድበውላቸው ነበር። ሁለቱም ግን ከታቀደው በላይ ጊዜ ወስደዋል፤ በየወረዳው ወንዝ ላይ በዚያ መጠን ቁጠባ ማሰባሰብም አይቻልም።

ለእኛ ወንዞች የምመርጠው

ትልቅ ሐይቅ ያለው ግድብ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ረጅም እፎይታ ያለውን ብድር እመርጣለሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን። ሐይቅ የብዙ ሰው መሬት ይወስዳል፤ ከበታቹ እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ባሉ ሰዎች ኑሮ ላይም ይወስናል። ውሃውን መቼ እንልቀቅ የሚለው ውሳኔ በ30 ዓመት ውል በባለሀብት እጅ መግባት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ያለ ሐይቅ በፍሰቱ የሚሠራ፣ ከ10 እስከ 60 ሜጋ ዋት የሆነ ጣቢያ ከሆነ ግን የግል ባለሀብቱን በደስታ እቀበላለሁ፤ ዋጋው ላይ እንዳልኩት የዶላሩ ክፍል ከተወሰነ። በዚህ መጠን ያለ ጣቢያ ቢከስር አገር አይናጋም፤ ባለሀብቱም ድንጋዩን በራሱ ገንዘብ ይፈትነዋል። ታስሮ የሚመጣውን ብድር የማስቀምጠው ረጅም ዋሻ በሌለበት፣ የቦታው ጥናት በተጠናቀቀበት ጊዜ እንድንጠቀምበት ነው። ለኤክስፖርት ብቻ የሚሠራ የውጭ ጣቢያን ደግሞ በእኛ አካባቢ ለጊዜው አልመርጥም፤ መስመሩን ዘርግተን ራሳችን መሸጥ ከቻልን አማላጁ ለምን ያስፈልጋል?

በየትኛውም አማራጭ ውስጥ እንዲገባ የምታገልለት አንድ አንቀጽ ደግሞ አለ፤ ስለ ደለል የሚናገር። በክረምት የግቤ አንድን ሐይቅ ከአውቶቡስ መስኮት ያየ ሰው ቀለሙን አይረሳውም፤ የሸክላ አፈር የተበጠበጠበት ይመስላል። ያ ቀይ አፈር ከላይ ካሉት ማሳዎች የታጠበ ነው፤ ለገበሬው የጠፋ ለምነት፣ ለጣቢያው የጠበበ ሐይቅ ነው። ባንኩ፣ ተቋራጩ፣ ባለሀብቱ ሁሉም ስለ ግድቡ ያወራሉ፤ ስለ ተፋሰሱ የሚጽፉት ግን አንድ አንቀጽ ነው፣ ያውም በጀት የሌለው።

የእኔ ሐሳብ ከእያንዳንዱ የሚሸጥ ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ የብር 5 ሳንቲም ለተፋሰሱ ይቆረጥ የሚል ነው። በ50 ሜጋ ዋቷ ምሳሌያችን በዓመት 11 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። ለእርከን፣ ለችግኝ፣ ለጓሮ ቡና፣ ከሐይቁ አጠገብ ላሉት ቀበሌዎችም ለአጎበር። የኃይሉ ዋጋ ሲስተካከል ሳንቲሙም አብሮ ይስተካከል፤ አለበለዚያ የብሩ መውደቅ ይበላዋል።

ይህን ስነግራቸው ጀነሬተሩ ጠፍቶ መብራት ተመልሶ ነበር። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያዝ አድርገው «ብሩን ማን ይይዘዋል?» አሉኝ። ተፋሰሱ ውስጥ ካሉት ቀበሌዎች የተመረጠ ኮሚቴ፣ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ጣቢያው በየሦስት ወሩ በቀጥታ እያስገባ፣ ሒሳቡም በየዓመቱ በቀበሌው አዳራሽ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተነበበ አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «በገበያ ቀን ይነበብ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይሰማዋል» አሉ። እኔም ከአንቀጹ ላይ «በቀበሌው አዳራሽ» የሚለውን ሰርዤ «በገበያ ቀን» ብዬ ጻፍኩት።